«የወላጅ ስልክ» ስለሚለው መስመር

ለተከበሩ ዶክተር ቴጅኪራን ካያስታ፣
የካምፓሱ የበላይ ኃላፊ፣
ካትማንዱ።

ጉዳዩ፦ በጋይ ጃትራ ዕለት ወደ በርዎ ስለምትመጣው ላም

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ ጤናዎ እንደተሟላ፣ የደም ግፊትዎ እንደተስተካከለ፣ በየክረምቱ በቢሮዎ ጣሪያ በኩል የሚያስቸግርዎም ፍሳሽ እንደተደፈነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ቤተሰቤ ደኅና ነን ብዬ ብቀጥል ወጉ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ቢሮዎ በሚገባ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ሁሉ ትክክለኛና ሊረጋገጥ የሚችል መሆን እንዳለበት ስለተማርኩ፣ ደኅና አይደለንም።

ሱጃል ናካርሚ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎ የነበረው ኒራጃን ናካርሚ ታላቅ ወንድሜ ነው። አባታችን ደግሞ በየቀኑ በመኪናዎ የሚያልፉበትን ትልቁን የብረት በር የሠራው አንጥረኛ ነው። ይህን የምጽፈው እየፈራሁ ነው። ፍርሃቴ እርስዎን ከማክበር የመጣ ቢመስልዎ ደስ ይለኛል፤ ቤት ውስጥ ስልክ በጮኸ ቁጥር ግን ወደ ጓዳ ስለምሮጥ፣ የክብር ፍርሃት እንዲህ ያደርግ እንደሆነ አላውቅም።

በአገራችን ደንብ በጋይ ጃትራ፣ የዓመቱ ሙታን በላም ሰልፍ በሚሸኙበት በዓል፣ ማንም ሰው ሹም ላይ ቢያሾፍ አይቀጣም። ይህ ደብዳቤ ከዕለቱ አራት ቀን ቀድሞ በመምጣቱ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር እንደሚወድ አውቃለሁና።

አንደኛ፣ በአሳር ወር ስላዘጋጁት የታሪክ ሳምንት አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና ሽሙጥ የለበትም። ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎችና ወንድ ወይም ሴት ብቻ ተብለው መቆጠር የማይፈልጉ ሰዎች በዚህች ከተማ ታሪክ እንዳላቸው በግድግዳዎ ላይ አይቻለሁ። መብታቸውን ያወቀላቸው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ በትልቁ ታትሞ ተሰቅሎ ነበር። ከበታቹ ዳይ፣ ማለት ታላቅ ወንድሜ፣ በሙጫ ያጣበቃቸው የድሮ ፎቶግራፎች ነበሩ፤ በጋይ ጃትራ ዕለት ሳሪ ለብሰው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው፣ በአደባባይ የሄዱ ሰዎች። ዳይ አንዱን ፎቶ በጣቱ እየነካ «ተመልከት ሱጃል፣ እኛ ትናንት የመጣን እንግዶች አይደለንም። ይሄ ሰውዬ እኔ ንፍጤን መጥረግ ሳልማር እዚች መንገድ ላይ ሲጨፍር ነበር። ያውም በተረከዝ ጫማ! በዚህ በተፈለቀቀ ድንጋይ ላይ በተረከዝ! ጀግና ማለት ይሄ ነው» አለኝ። እንደዚያ ቀን ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ያንን ቀን ስለሰጡን ዕዳዎ አለብኝ፤ ማግሥቱን ስለወሰዱብንም እንዲሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ካርዱ። በአዳራሹ መግቢያ ላይ ቀስተ ደመና የተቀባ ሳጥን አስቀምጠው፣ ከጎኑ «ማንነትዎን ይግለጡ፤ ካምፓስዎ ከጎንዎ ነው» የሚል ጽሑፍ አሰቅለው ነበር። ሐሳቡ እንዴት ያለ መልካም ሐሳብ ነው። ካርዶቹን ግን የመግቢያና የነጻ ትምህርት ቅጽ ለሚያትመው ማተሚያ ቤት ስለሰጡት፣ እሱም እንደ ልማዱ ስም፣ ዓመት፣ የትምህርት ክፍልና «የወላጅ ስልክ» የሚሉ መስመሮች አስገባበት። ማንም አላስተዋለም፤ ወይም ያስተዋለ ሁሉ ወረቀት መቼም እንዲህ ነው ብሎ አለፈ። ወላጁን ሳይጠይቅ ራሱን ለመግለጥ የመጣን ሰው የወላጁን ስልክ የሚጠይቅ ካርድ በዓለም ላይ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የታሪክ ሳምንት በመስታወት ውስጥ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀርባለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልኩ ጥሪ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ባሱንዳራ ዲዲ፣ ሁላችንም እንደ ታላቅ እኅት ዲዲ የምንላቸው፣ በበር የገባ ወረቀት ሳይመዘገብ እንዲያድር የማይፈቅዱ ሰው ናቸው። ሳጥኑን ከፈቱ፤ አሥራ ሁለት ካርዶች አገኙ፤ ለእያንዳንዱ የገቢ ቁጥር ሰጡ፤ ማኅተም መቱ፤ ከዚያም እንደማንኛውም ቅጽ ከወላጅ ጋር ለማረጋገጥ ስልክ አነሱ። የመጀመሪያው ካርድ የዳይ ነበር።

እኔ ሱቅ ውስጥ ነበርኩ። አባታችን ባ ሠላሳ ዓመት ብረት ሲቀጠቅጥ ጆሮው ስለደከመ ስልኩን ድምፁን ከፍቶ ነው የሚያወራው። የመስኮት ብረት የሚጠብቅ አንድ ሰውዬና ቁልፍ ሊገዙ የመጡ ሁለት ጎረቤት ሴቶች ቆመው ነበር።

«ሄሎ፣ የኒራጃን አባት ነዎት? እንኳን ደስ ያለዎት! ከካምፓስ ነው። ልጅዎ ወንድ እንደሚያፈቅር የሞላው ቅጽ ደርሶናል፤ ትክክል መሆኑን እንዲያረጋግጡልን ነበር።»

«ማን?» አለ ባ።

«ኒራጃን። ሦስተኛ ዓመት። የገቢ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት። አዎ ብለዋል ብዬ ልያዘው ወይስ መጥተው ይፈርማሉ?»

የመስኮቱ ሰውዬ ጫማውን እያየ «ናካርሚ፣ ለኔ ነገም ቢሆን ይደርሳል» ብሎ ወጣ። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ፣ ወተት ጥጄ ነበር» አለች። ሁለቱም የከፈሉበትን ቁልፍ ሳይወስዱ ሄዱ። ባ ስልኩን ዘጋና መዶሻውን አነሳ፤ የሚቀጠቅጠው ብረት ግን ቀዝቅዞ ነበር። የቀዘቀዘ ብረት ሲቀጠቅጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዳይ ከክፍል ሲመለስ ባ ቀና ብሎ ሳያየው «ዛሬ አትምጣብኝ። ነገ እንነጋገራለን» አለው። አልሰደበውም፤ እጁንም አላነሳበትም።

ክቡር ሆይ፣ ዳይ ሊነግረው እንደነበረ ያውቁ ይሆን? ቀን ቆርጦ ነበር፤ የዘንድሮው ጋይ ጃትራ። ሁሉ ነገር የሚነገርበት ቀን ነው ብሎ። ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጣን እኔን እንደ ባ አስቀምጦ ይለማመድ ነበር። እኔ ድምፄን አወፍርና «ምንድን ነው የምትለው? ጮክ በል፣ አይሰማኝም!» እለዋለሁ፤ እሱ ይስቅና «ዋናው ችግር እሱ ነው እኮ! ጮክ ብዬ ከነገርኩት ሰፈሩ ከሱ በፊት ሊሰማ ነው» ይለኛል። ከዚያ ሳቁን ያቆምና እንደገና ይጀምራል፤ «ባ፣ የምነግርህ ነገር አለ፤ ቁጭ በል።» አሥር ጊዜ ያህል ተለማምዷል። በአሥረኛው ጊዜ እኔም እንደ ባ ሆኜ ሳይሆን እንደራሴ አልቅሻለሁ። አንድ ሰው ከራሱ አፍ እንዲወጣ አሥር ጊዜ የተለማመደውን ቃል፣ ጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ደቂቃ ጥሪ ስላቀለለለት ምስጋናዬ የላቀ ነው።

አራተኛ፣ ስለ ኀዘን መግለጫዎ። በማግሥቱ ማለዳ ዳይ በትሪሹሊ ወንዝ ዳር ወዳለው አጎታችን ቤት የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረ። ትራሴ ላይ «ባ ሲበርድለት እመለሳለሁ። የባ ነገ ሦስት ቀን እንደሚፈጅ ታውቃለህ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ትቶልኝ ነበር። ባ ግን ነገ ባለው ዕለት እንደ ቃሉ በማለዳ ተነስቶ ነበር። ሱቁን ሳይከፍት፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስቀድቶ፣ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ሻዩ ሲበርድ እናታችን ታሞቀዋለች፤ ሲበርድ ታሞቀዋለች። በአራተኛው ጊዜ በመንገዱ ላይ የደረሰ የመሬት መንሸራተት ዜና ተነገረ። ሚኒባሱ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዳይን ያገኙት በአምስተኛው ቀን ነው።

ጽሕፈት ቤትዎ በላከልን ደብዳቤ ላይ አደጋው በከባድ ዝናብ የደረሰ የተፈጥሮ አደጋ መሆኑን በደማቁ አስፍረውልናል። እውነት ነው፤ ዝናቡ ነው። ዝናቡ ካርድ አያሳትምም፤ ዝናቡ ስልክ አይደውልም። ይህን ለይተው ስላስረዱን እናታችን ደብዳቤውን በክብር አጣጥፋ፣ በሚያፈሰው የኩሽናችን መስኮት ስንጥቅ ውስጥ ወትፋዋለች።

አምስተኛ፣ ይህን ደብዳቤ የሚያስጽፈኝ ዋናው ነገር። ባለፈው እሑድ በካምፓስዎ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስለ ጋይ ጃትራ ዕለት የወጣውን ጽሑፍ አንብቤያለሁ። የዳይ ፎቶ በትልቁ ታትሞ «ቀዳሚ ጀግናችን» በሚል ጽሑፍ በሰልፉ ፊት እንደሚያዝ ተገልጿል። ከበታቹ ደግሞ፣ ካርድ የሞሉ ተማሪዎች ወላጆች በሙሉ ከነገ ወዲያ ጀምሮ በስልክ ተጠርተው በዕለቱ በካምፓሱ በር ላይ የአበባ ጉንጉን እንደሚጠለቅላቸው፣ በቤተሰብ ደስታ ላይ ካምፓሱ ተካፋይ እንደሚሆን ይላል።

ክቡር ሆይ፣ አሥራ አንድ ካርዶች ቀርተዋል። ከዳይ ጥሪ በኋላ ባሱንዳራ ዲዲ ለዓመታዊ ፈቃድ ስለወጡ ብቻ ያልተደወለላቸው አሥራ አንድ ቤቶች አሉ።

ከአሥራ አንዱ አንዱን አውቀዋለሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ስም መጻፍ ምን እንደሚያመጣ አይቻለሁ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ኀዘናችንን ሊካፈል መጥቶ ጥግ ላይ ተቀመጠ። የቀረበለትን ሻይ ሳይቀምስ ማስቀመጫውን ብቻ ያዞር ነበር። እናቴ ስትወጣ «ሱጃል፣ ሳጥኑ የት ነው ያለው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «ቁልፍ አለው?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። ከዚያ ፈገግ ለማለት ሞክሮ «የናንተ አባት ጥሩ ሰው ነው። ነገ ብሏል እኮ» አለኝ። የሱ አባት ነገ የሚል ሰው አይደለም።

እሑድ ማስታወቂያውን እንዳነበብኩ፣ ሰኞ በምሳ ዕረፍት ከነዩኒፎርሜ ወደ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ባሱንዳራ ዲዲ ከፈቃድ ተመልሰው ነበር።

«ዲዲ፣ እባክዎ ካርዶቹን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ባቡዬ፣ ቁጥር የተሰጠው ወረቀት እንዴት ብሎ ይወጣል? በወጪ ደብዳቤ ነው የሚወጣው። ወጪ ደብዳቤ ደግሞ የኃላፊው ፊርማ ያስፈልገዋል።»

«ሰው ሊሞት ይችላል ዲዲ።»

«እኔ ምን ላድርግ ልጄ?» አሉኝ። «እኔ እኮ ጥሩ ዜና መስሎኝ ነው። እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ነው የጀመርኩት እኮ፤ ሰምተኸኛል አይደል? እንኳን ደስ ያለዎት ነው ያልኩት።» ከዚያ በሻሻቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው «ለምን ማመልከቻ አትጽፍም? ማመልከቻ ከመጣ እኔው ቁጥር እሰጠዋለሁ» አሉኝ።

ይኸው ጻፍኩ። አልቀየምኳቸውም። ቢያንስ እሳቸው አልቅሰዋል።

ስድስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን ካርዱ መዝገብዎ ውስጥ ስላለ፣ ሊረጋገጥ የሚችል ነገር መደበቅ አይገባም። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራትን አውጥተው ይዩት። ስሙ፣ ዓመቱና የትምህርት ክፍሉ በዳይ ጎበጥ ጎበጥ ባለ ጽሕፈት ነው። የወላጅ ስልክ የሚለው መስመር ላይ ያሉት አሥር አኃዞች ግን ቀጥ ያሉ ናቸው። የኔ ናቸው።

ዳይ ያን መስመር ባዶ ትቶት ነበር። ሳጥኑ ጋ የቆመው አስተናጋጅ ልጅ «ያልተሟላ አንቀበልም» አለ። ዳይ «ተወው፣ በኋላ እጨርሰዋለሁ» ብሎ ፎቶ ለመስቀል መሰላል ላይ ወጣ። እኔም ልርዳው ብዬ፣ የባን ቁጥር በቃሌ ስለማውቀው ጻፍኩና ካርዱን ራሴ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት። ሲወርድ «ጨርሼልሃለሁ» አልኩት። ሙጫ ባለበት እጁ ፀጉሬን ዳበሰኝ። ምን እንደጨረስኩለት አልጠየቀኝም።

ይህን እስካሁን ለማንም አልተናገርኩም። ጽሕፈት ቤትዎ ደውሎ ለባ እንዳይነግረው ስለፈራሁ ስልኩን ላለፉት ሦስት ቀናት ሩዝ በርሜል ውስጥ ደብቄዋለሁ። ባ ጠፋብኝ እያለ ሱቁን ይበረብራል። ስልኩ ሩዙ ውስጥ ሲጮህ እንደ ታፈነ ሰው ነው ድምፁ። አንዱን ስልክ ደበቅሁ፤ የአሥራ አንዱን ቤት ስልክ ግን በየትኛው በርሜል ልደብቀው?

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። በዚህ ዓመት ሰው የሞተበት ቤት ሁሉ በጋይ ጃትራ ላም ወይም እንደ ላም የለበሰ ልጅ እንደሚያወጣ ያውቃሉ። እኛ ቤት ትንሽ ልጅ ስለሌለ ላሟ እኔ ነኝ። እናቴ ያወጣችው ቀሚስ ለሰባት ዓመት ልጅ የተሰፋ ነው፤ ጉልበቴ ላይ ያልቃል። ቀንድ ያለው አክሊል አደርጋለሁ፤ ጺም ይሣልብኛል፤ ከኋላዬ ጭራ ይንጠለጠላል። በዚያ ቀን የሙታን አገር በር ይከፈታል ይባላል፤ ዳይም ጭራዬን ይዞ ያልፋል። ሰልፉ በካምፓስዎ በር ፊት ሲደርስ ከሰልፉ ወጥቼ እቆማለሁ። ላም በበሩ ቆማ ባዶ እጇን የሸኘ ሰው በዚህች ከተማ እንደሌለ እርስዎም ያውቃሉ። ወተት አልፈልግም፤ ሙዝም ሆነ የተቀጠቀጠ ሩዝ አልፈልግም። ቅርጫቴ ውስጥ አሥራ አንዱን ካርዶች፣ ስማቸው ያለበትን የመዝገብ ገጽና ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራትን ያድርጉልኝ። እስከዚያም አንድም ስልክ አይደወል። የዳይንም ፎቶ ያውርዱልን። እሱ ጀግና ሊባል አልመጣም፤ በራሱ ቀን፣ በራሱ አፍ፣ ባን ቁጭ በል ሊለው ነበር።

አሥራ አንዱም እንደዚሁ ይናገሩ። ዛሬ የፈለገ ዛሬ፤ በአሥር ዓመት የፈለገ በአሥር ዓመት፤ ጨርሶ ያልፈለገም ዝም ይበል። ያን ጊዜ ከጎናቸው የሚቆም ካምፓስ ካለ፣ ሳጥኑን እኔ ራሴ በአዲስ ቀለም እቀባልዎታለሁ።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ፣ ከዚያ በላይ መውሰድዎንም ሳላነሳ ስላልቀረሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣

በበርዎ ፊት የሚቆም፣
የገቢ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ታናሽ ወንድም፣

ሱጃል ናካርሚ


ግልባጭ፦
— ለመዝገብ ቤት፣ ቁጥር እንዲሰጡት
— ለማስታወቂያ ሰሌዳው፣ ከማስታወቂያዎ ጎን
— ለዝናቡ፣ እንዲያውቀው

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ያለ ወላጅ ፊርማ ወረቀት እንደማይቀበል ትዝ ስላለኝ ዛሬ ጠዋት ደብዳቤውን ለባ አነበብኩለት። ስድስተኛው ላይ ስደርስ ድምፄ ጠፋ፤ «ጮክ በል፣ አይሰማኝም» አለኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ተነስቶ ስልኩን ከሩዙ ውስጥ ራሱ አወጣ፤ በሸሚዙ ጠረገውና «ይሄ ቁጥር ሱቄ ደጃፍ ላይ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ማንም ያውቀዋል» አለኝ። «የት ጋ ነው የምፈርመው?» ብሎ ከታች ፈርሟል፤ ያረጋግጡ።

አንድ ነገርም እንድጽፍልዎ አዞኛል። በዕለቱ በሩ ተዘግቶ ከጠበቀን እንዳይጨነቁ። በሩን የሠራው እሱ ነው፤ ወደ ላይ ሲያነሱት ከማጠፊያው ይወጣል። ሁለት ሰው ይበቃል ይላል። እኛም ሁለት ነን።